የግራፊክስ ካርድ ድራይቨርና የኦፐሬቲንግ ሲስተም አለመጣጣም

የግራፊክስ ድራይቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚሰጠውን ትእዛዝ ካርዱ በሚረዳው መልክ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር ነው። የሚጻፈውም ለተወሰነ የካርድ ትውልድና ለተወሰነ የሲስተም ስሪት በመሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲቀየር የቆየው ድራይቨር ሊከሽፍ ይችላል። ያን ጊዜ ስክሪኑ በዝቅተኛ ጥራት ይከፈታል፣ ጨርሶ ይጠቁራል፣ ወይም ቪዲዮና ጌም ሲከፈት ኮምፒውተሩ በሰማያዊ ገጽ ይቆማል። ምልክቶቹ ከተበላሸ ካርድ ምልክቶች ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ምንም ያልሆነ ካርድ «ተቃጥሏል» ተብሎ ሊጣል ይችላል።

በዊንዶውስ በኩል ትልቁ ለውጥ የመጣው ቪስታ ለገበያ በቀረበበት በ2007 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ማይክሮሶፍት የቀድሞውን ስሪት የኤክስፒን የማሳያ ድራይቨር አሠራር ትቶ ደብሊውዲዲኤም የተባለ አዲስ ሞዴል ሲያመጣ፣ የድራይቨሩ ሰፊ ክፍል ከከርነሉ (ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ወጥቶ እንዲሠራ በማድረግ የድራይቨሩ ውድቀት መላውን ሲስተም ይዞ እንዳይወድቅ ለመከላከል አስቦ ነበር። ካርዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካልሰጠ ዊንዶውስ ራሱ ድራይቨሩን መልሶ ያስነሳዋል፤ ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሞ እንደተመለሰ የሚገልጸው የታወቀ መልእክት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ቪስታና ዊንዶውስ 7 የድሮውን ዓይነት ድራይቨር ይታገሡት ነበር፤ በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ግን አልተቀበለውም። በ2021 የመጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዳይሬክትኤክስ 12ን (ጌምና መሰል ፕሮግራሞች ካርዱን የሚያዙበትን የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር) የሚደግፍ ካርድና ቢያንስ ደብሊውዲዲኤም 2.0 የሆነ ድራይቨር ይጠይቃል።

አምራቾችም በበኩላቸው የቆዩ ካርዶችንና ሲስተሞችን እየተዉ ይሄዳሉ። ኤንቪዲያ በ2018 ለ32 ቢት ሲስተሞች አዲስ ድራይቨር ማውጣቱን አቆመ፤ በ2021 ደግሞ አብዛኞቹን የ600 እና የ700 ተከታታይ ካርዶች፣ ዊንዶውስ 7ንም ጭምር፣ ከመደበኛ ድጋፉ አወጣ። ስለዚህ በዊንዶውስ 7 ላይ በኋላ የወጣውን የኤንቪዲያ የ40 ተከታታይ ካርድ የሰካ ሰው ድራይቨር ቢፈልግ አያገኝም፤ አምራቹ አልሠራውምና።

ምርመራው የሚጀመረው ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ክፍሎች ከሚዘረዝርበት ከዲቫይስ ማናጀር ነው። ካርዱ በራሱ ስም ሳይሆን «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ተብሎ ከታየ፣ ዊንዶውስ ትክክለኛውን ድራይቨር ስላላገኘ በጊዜያዊ ድራይቨር እየሠራ ነው ማለት ነው። ቢጫ ምልክት ካለም የስህተት ቁጥሩን ማንበብ ይገባል፦ 28 ድራይቨር አለመጫኑን፣ 52 የድራይቨሩ ዲጂታል ፊርማ አለመረጋገጡን ያመለክታል። 43 ግን ከድራይቨሩም ከካርዱም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። የካርዱ ማንነት ካልታወቀ በፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲቴይልስ ተከፍቶ ሃርድዌር አይዲ ሲመረጥ የአምራቹ ቁጥር ይወጣል፤ 8086 ኢንቴል ነው፣ 1002 ኤኤምዲ፣ 10ዲኢ (10DE) ደግሞ ኤንቪዲያ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የካርዱን ሞዴል ስለሚለይ፣ ኢንተርኔት ለመቆጠብ በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው የሚዞረውን የድራይቨር ጥቅል በግምት ከመጫን ይልቅ በዚህ ቁጥር መፈለግ እጅግ ይሻላል።

ካርዱ ታውቆም ጫኚው ፕሮግራም «ከዚህ የዊንዶውስ ስሪት ጋር አይጣጣምም» ሊል ይችላል። ይህ ሁልጊዜ ካርዱ አርጅቷል ማለት አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሳይታደስ የቆየ ዊንዶውስ 10 ስሙ ያው ቢሆንም አዲስ ድራይቨር የሚፈልገውን የውስጥ ስሪት ላያሟላ ይችላልና፣ ዊንቨር (winver) የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ስሪቱን ማየት ያስፈልጋል። የኢንቴልና የኤንቪዲያ ቺፕ አንድ ላይ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የላፕቶፑ አምራች ያዘጋጀውን ድራይቨር ማስቀደም ይመረጣል፤ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ የተያያዘው ከኢንቴሉ ጋር ስለሆነ የእርሱ ድራይቨር ከጎደለ ሌላውን ደጋግሞ መጫን ብዙ አይረዳም።

የቀድሞ ድራይቨር ቅሪት ሲያስቸግር ኢንተርኔቱን አቋርጦ፣ ዊንዶውስ በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ በሚነሳበት በሴፍ ሞድ ገብቶ፣ ዲዲዩ በተባለው ማራገፊያ ማጽዳት የተለመደ ነው። ኢንተርኔቱ የሚቋረጠው ዊንዶውስ አፕዴት ገና ከመጽዳቱ የራሱን ድራይቨር መልሶ እንዳይጭን ነው። ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ ግን፣ እንደ መጀመሪያ መፍትሔ ቢዘወተርም፣ ለሲስተሙ ድራይቨር ካልተሠራ የሚቀይረው ነገር የለም።

በሊኑክስ የኤኤምዲና የኢንቴል ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ስለሚመጡ ጣጣው ያንሳል። የኤንቪዲያው ግን ከከርነሉ ስሪት ጋር መግጠም ስላለበት፣ ከርነሉ ሲታደስ ሞጁሉ (ከከርነሉ ጋር የሚያያዘው የድራይቨሩ ክፍል) እንደገና ካልተገነባ ግራፊክሱ ሳይነሳ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፊርማ የሚያጣራው ሴኪዩር ቡት ከበራም ያልተፈረመ ሞጁል አይጫንም። በአፕል ማክ ላይ በሩ ጭራሹን ተዘግቷል፦ በ2018 ሞሃቪ የተባለው የማክ ሲስተም ስሪት ሲወጣ ኤንቪዲያ ለዚያ ስሪት ድራይቨር ስላላወጣ፣ አዳዲሶቹን የኤንቪዲያ ካርዶች የሰኩ የማክ ተጠቃሚዎች ወይ ከእርሱ በፊት በነበረው ስሪት በሃይ ሲዬራ መቆየት ወይ ካርዱን በኤኤምዲ መተካት ግድ ሆኖባቸዋል።