ማዝዳ 787ቢ፦ ለማንን ያሸነፈችው የሮታሪ ሞተር መኪና

ማዝዳ 787ቢ የጃፓኑ መኪና አምራች ማዝዳ በውድድር ክንፉ በማዝዳስፒድ በኩል ያሠራት የረጅም ሰዓት ውድድር መኪና ናት። ፈረንሳይ ውስጥ ጁን 22 እና 23 ቀን 1991 በተካሄደው የለማን 24 ሰዓት ውድድር አንደኛ ወጥታለች (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ለማንን ያሸነፈ የጃፓን መኪና አልነበረም። ያለ ፒስተን የሚሠራ ሞተርም እዚያ አሸንፎ አያውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬም ሁለተኛ አልተገኘለትም። 787ቢ ሌላ ውድድር በአጠቃላይ ውጤት አላሸነፈችም፤ ዝናዋ በሙሉ የዚያች አንድ ቀንና ሌሊት ነው። ድሏን የዕድል ጉዳይ አድርገው የሚያወሩ ብዙዎች ናቸው። ነገሩን ከሥሩ ለተመለከተ ግን ዕድል የነበረው ድርሻ ትንሽ ነው።

በተለመደው ሞተር ፒስተኖች ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ። በሮታሪ ሞተር ውስጥ ግን ጎኖቹ ቆልመም ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ሞላላ ክፍል ውስጥ ይሽከረከራል፤ ነዳጅና አየር መሳቡም፣ ማመቁም፣ ማቃጠሉም፣ ጭስ ማስወጣቱም በዚያው ዙር ያልቃል። ቫልቭ የለውም። ሞተሩ ትንሽና ቀላል ነው፤ ጣጣው ነዳጅ መብላቱና በሦስቱ ጫፎች ላይ ያሉት ማሸጊያዎች መበላታቸው ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንከል ሲሆን፣ ሂሮሺማ ላይ በኬኒቺ ያማሞቶ የተመሩ የማዝዳ መሐንዲሶች ለዓመታት ከማሸጊያው ጋር ሲታገሉ ቆይተው በ1967 ኮስሞ ስፖርት የተባለችውን የሮታሪ መኪና ለገበያ አበቁ። ሌሎች አምራቾች አንድ በአንድ ሮታሪን ሲተዉ ማዝዳ አልተወውም።

በለማን ግን መንገዱ ረጅም ነበር። በማዝዳ ሮታሪ የምትሄደው የሲግማ ቡድን መኪና በ1973 ተሰልፋ ሳትጨርስ ቀረች። በ1979 የቀረበችው አርኤክስ-7 የማጣሪያውን ሰዓት እንኳ አላሟላችም። በ1983 717ሲ በትንንሾቹ መኪኖች ምድብ አንደኛ ሆነች፤ ቀጥለው 757 እና 767 መጡ፤ አጠቃላዩ ድል ግን ሩቅ ነበር። በ1990 ለውድድሩ የቀረቡት ሁለቱ አዳዲስ 787ዎች ሁለቱም ከመንገድ ቀሩ።

787ቢ የተወለደችው ከዚያ ውድቀት ነው። አካሏን የነደፈው እንግሊዛዊው ናይጀል ስትራውድ ሲሆን ሻሲዋ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነበር፤ ለለማን የካርቦን ፍሬንም ተገጠመላት። አር26ቢ የተባለው ሞተር አራት ሮተሮች በተርታ የተደረደሩበት፣ በድምሩ 2.6 ሊትር የሆነ ነው። ለእያንዳንዱ ሮተር ሦስት ካንዴላ ተሰጠው፤ የጫፍ ማሸጊያዎቹ ከሴራሚክ ተሠሩ፤ አየር ማስገቢያ ቱቦዎቹም እንደ ሞተሩ ዙር ፍጥነት የሚረዝሙና የሚያጥሩ ሆኑ። ጉልበቱ 700 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። ድምፁን አንድ ጊዜ በቀረጻም ቢሆን የሰማ ሰው አይረሳውም፤ ጆሮ የሚበሳ፣ የሚያለቅስ የሚመስል ድምፅ ነው።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ግን ከጋራዥ ውጪ ይመስለኛል። የማዝዳስፒዱ ኃላፊ ታካዮሺ ኦሃሺ ስለ ውድድሩ ደንብ ተከራክረው መኪናቸው በ830 ኪሎ እንድትወዳደር አስፈቀዱ። መርሴዲስና ጃጓር 1,000 ኪሎ መሆን ነበረባቸው። ለእያንዳንዱ መኪና የተፈቀደው ነዳጅ 2,550 ሊትር ብቻ ስለነበር 170 ኪሎ መቅለል ማለት ፍሬንን፣ ጎማንና ነዳጅን ማዳን ማለት ነው። ለማንን ስድስት ጊዜ ያሸነፈው ቤልጂጋዊው ዣኪ ኢክስም የቡድኑ አማካሪ ነበር።

ጆኒ ኸርበርት፣ ፎልከር ቫይድለርና ቤርትራን ጋሾ የነዷት 55 ቁጥሯ ብርቱካናማና አረንጓዴ መኪና ከ19ኛ ቦታ ተነሳች። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቦታዎች በደንቡ ለአዲሶቹ ባለ 3.5 ሊትር መኪኖች የተያዙ ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል ፔዦዎቹ ገና በጊዜ ከውድድሩ ወጡ። ግዙፍ ሞተር የተሸከሙት ጃጓሮች ነዳጅ እንዳያልቅባቸው ፍጥነት ለመቀነስ ተገደዱ። መርሴዲስ ግን በሰፊ ርቀት ይመራ ነበር። ማዝዳዎቹ ምንም ሳይሰበርባቸው ከኋላ ሲከተሉ አደሩ። እሑድ ቀትር አካባቢ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲቀር፣ መሪው መርሴዲስ ሞተሩ ሞቆ ወደ መጠገኛው ገባ፤ ወደ ውድድሩም በወጉ ሳይመለስ ቀረ። 55 ቁጥር መሪነቱን ያዘች።

ኸርበርት መሪውን ለሌላ ሳያስረክብ እስከ መጨረሻው ነዳ። 362 ዙር፣ 4,922.81 ኪሎ ሜትር ተሸፈነ፤ ሁለተኛው ጃጓር በሁለት ዙር ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሌሎቹ ሁለት ማዝዳዎች 6ኛና 8ኛ ሆነው ጨረሱ። ሦስት መኪና አሰልፎ ሦስቱንም ማስጨረስ በለማን በቀላሉ አይገኝም፤ ለእኔ ከዋንጫው እኩል የሚመዘነው ይኸኛው ነው።

ሮታሪ የታገደው ስላሸነፈ ነው የሚባለው ወሬ በሰፊው ቢነገርም ትክክል አይደለም። ሁሉንም ወደ 3.5 ሊትር የፒስተን ሞተር የሚያስገባው ደንብ ከድሉ በፊት የተወሰነ ነበር፤ ማዝዳም 1991 የመጨረሻ ዕድሉ መሆኑን እያወቀ ነው የመጣው። በ1992 ጀድ በተባለ የእንግሊዝ አምራች የፒስተን ሞተር የምትነዳዋን ኤምኤክስአር-01 ይዞ ቀርቦ 4ኛ ወጣ። ከጃፓን ሁለተኛው አሸናፊ ቶዮታ ሲሆን እሱም በ2018 ነው።

ኸርበርት ከመኪናዋ ሲወጣ ሰውነቱ ውሃ አልቆበት ስለወደቀ ጓደኞቹ ዋንጫውን ሲያነሱ መድረኩ ላይ አልነበረም። በ2011፣ በድሉ 20ኛ ዓመት፣ 787ቢ ለትዕይንት ወደ ለማን ስትመለስ መሪው ላይ የተቀመጠው እሱ ነበር።