ካልቨርት ምንድን ነው፣ ምንስ አይደለም?

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር በተነሣ ቁጥር፣ «ካልቨርት ስላለው ውሃውም አውሬውም አልተነካም» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። ካልቨርት ከሀዲድ ወይም ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦ ነው። በቅድሚያ የሚሠራው ግን ሀዲዱን ከውሃ ለመጠበቅ እንጂ ውሃውን ከሀዲዱ ለመጠበቅ አይደለም። ሀዲዱ የተነጠፈበት የአፈር ሙሌት በጎርፍ ከተበላ ሀዲዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ መሐንዲሱ የቱቦውን ስፋት የሚወስነውም ይህንኑ ፈርቶ ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ ውሃው እስካለፈ ድረስ ሌላ ምን ይፈለጋል ሲሉ ጠይቀዋል። የሚፈለገው ውሃው እንደ ቀድሞው እንዲያልፍ ነው። በከሚሴ አካባቢ እንዳለው እንደ ጨፋ ባለ ረግረግ፣ የክረምት ውሃ ከቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ በሜዳው ላይ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ይሄዳል። ሙሌት በዚህ ሜዳ ላይ ሲያልፍ የሚሆነውን በምሳሌ እንየው፤ የባቲን የሰኞ ገበያ በግንብ ለሁለት ከፍለን ሦስት በር ብንተውለት፣ ሰው ከወዲያ ወዲህ ማለፉ አይቀርም፤ ነገር ግን በየበሩ በግፊያ መሬቱ ይቆፈራል፣ ከበሮቹ ርቆ የቆመው ባለ ፍየል ገዢ አያገኝም፣ ተራውን የሚጠብቀውም ሕዝብ የሌላውን መደብ ይረግጣል። ውሃውም እንዲሁ ከሙሌቱ በላይኛው በኩል ይተኛል፣ በቱቦዎቹ አፍ ተጠራቅሞ ሲወጣ መሬቱን ይቦረቡራል፣ በቱቦዎቹ መካከል ያለው የታችኛው ሜዳ ደግሞ ይደርቃል። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብት የሚሰማራው፣ የውሃ ወፎችም የሚያርፉት በእንዲህ ያለው ሜዳ ላይ ነው።

የቱቦውን ስፋት ለማስላት የሚያገለግለው «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚባለውም በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ጎርፍ አይደለም። በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው፤ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመከሰት ዕድሉም ወደ 26 በመቶ ይጠጋል። ስሌቱ ደግሞ ስለ ከፍተኛው ጎርፍ ብቻ ነው፤ ረግረጉን በሕይወት ስለሚያቆየው የበጋ ውሃ ምንም አይናገርም።

አውሬውን በተመለከተ፣ ጅብና ጃርት በደረቅ ቱቦ ሊሹለከለኩ ይችላሉ፤ ዓሣ ግን የቱቦው መውጫ ከወንዙ ወለል በላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ሽቅብ መውጣት ይሳነዋል። ስለዚህ የቱቦው ወለል ከወንዙ ወለል ዝቅ ብሎ ሊቀበር ይገባል።

በረግረግ ላይ ከጥቂት ትልልቅ ቱቦዎች ይልቅ ብዙ ተቀራራቢ ትንንሾች፣ ወይም ውሃ በመካከሉ የሚያሳልፍ የድንጋይ ሙሌት ይሻላል። ይህም አፈሩ ከመደፋቱ በፊት መወሰን አለበት፤ ሀዲድ ከተነጠፈ በኋላ ቱቦ ከሙሌቱ ሥር ገፍቶ ማስገባት ቢቻልም ወጪው እጅግ ከባድ ነው። ትንንሾቹ ቱቦዎች በደለልና በሣር ቶሎ ስለሚደፈኑ፣ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት የሚጠርጋቸው ሠራተኛ በጥገናው በጀት ካልተያዘላቸው፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሙሌቱ ግድብ ይሆናል።