ጤና አዳም ምንድን ነው?

ቡና ሲኒ ውስጥ የሚነከረውን ቅጠልና ከበርበሬ ጋር የሚወቀጠውን ፍሬ የማያውቅ የለምና ስለዚያ አላወራም። እንድጽፍ ያስገደደኝ ሰሞኑን እየተደጋገመ ያየሁት ምክር ነው፦ «ለወባ ትንኝ ጤና አዳም ጨምቃችሁ ልጆቻችሁን ቀቡ፤ የተፈጥሮ ነው፣ ጉዳት የለውም፤ ስሙ ራሱ ጤና ነው።»

በድሬዳዋ ፀሐይ ይህ ምክር ልጅ ያቃጥላል። ቃሉን ለማስፈራራት አልተጠቀምኩበትም።

የጤና አዳም ጭማቂ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች አሉት። ቆዳ ላይ ሲቀሩ እንደ ደረቅ ጭራሮ ናቸው፤ ብቻቸውን አይነዱም። ክብሪቱ ፀሐይ ነው፤ በተለይ በመስኮት መስታወት ጭምር የሚያልፈው ዩቪኤ የተባለው ጨረር። እሳቱ ወዲያው አይታይም፤ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ቆይቶ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ሲጠፋም ጥላሸቱ ይቀራል፤ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጭራሮውን ግን ክብሪት ሳይነካው መልቀም ይቻላል፦ ቅጠሉን የጨመቀ ሰው ወደ ደጅ ሳይወጣ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

«አለርጂ ነው፤ እኔን ነክቶኝ አያውቅም» ላልከው ወንድሜ፦ አይደለም። አለርጂ ሰው ይመርጣል። ይህኛው በቂ ጭማቂና በቂ ፀሐይ ካገኘ ማንንም ይለበልባል። አንተ ምናልባት የምትቀባው ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሆናል። ሎሚም እንዲሁ ያደርጋል።

ከእነዚሁ ውህዶች አንዳንዶቹ ለለምጽ ሕክምና ያገለግላሉ፤ መጠኑም የጨረሩ ጊዜም በሐኪም ተለክቶ ነው። ለምጽ ያለባችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ቅጠል እንዳትጨምቁ እለምናችኋለሁ።

የሚጠጣውስ? ሲኒ ውስጥ የተነከረች አንድ ዘለላና በብርጭቆ የተሞላ ጭማቂ አንድ አይደሉም። ጭማቂው ሆድ ያውካል፤ ሲበዛ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። ማሕፀንን ስለሚያኮማትር ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ ልትጠጣው አይገባም።

ለትንኝ ከሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. ከተማችንን ካስጨነቀው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ የምትራባው በየግቢያችን በርሜልና የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። በርሜሉን ክደኑ፤ ልጁን አጎበር ውስጥ አስተኙ። ቀብታችሁት ውኃ የቋጠረ ካለ አታፍርጡት፤ ከፀሐይ ሸፍናችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ምን እንደቀባችሁትም ሳትደብቁ ተናገሩ።