«ደሙ ነው»፦ ስለ ህዋስና ስለ ዘር ቡና ላይ የምሰማቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ጥያቄ የሚበዛብኝ ግን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ቡና ላይና ለቅሶ ቤት ነው። ተማሪ ለፈተና ይጠይቃል፤ ጎረቤት የምር ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው። በብዛት የምሰማውን አስቀድሜያለሁ።

«ዘር የሚተላለፈው በደም ነው»

ይሄን የማይል ሰው የለም። ልጅ አባቱን ሲመስል «ደሙ ነው» እንላለን። ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል። በግ ቤትም ያው ነው። የመንዝ በግን አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ ጋር የሚያዳቅል ሰው «ይሄ ሃምሳ በመቶ ደም ነው፣ ያኛው ሰባ አምስት» እያለ ነው የሚያሳያችሁ።

ለአነጋገር ያህል ችግር የለውም። ችግሩ ቃሉን እንዳለ ያመንነው ቀን ነው። አንዲት ጎረቤቴ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳትና ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። ዳነች። ከሁለት ዓመት በኋላ ድጋሚ አረገዘች። አንድ ቀን ሰዉ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ሲኒ እያጠበች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ። «መምህር፣ የማን ደም እንደሆነ አላውቅም። ልጄ ማንን ይመስል ይሆን?»

ልጅሽ አንቺንና አባቱን ነው የሚመስለው አልኳት። የዘር መረጃ የተጻፈው ዲኤንኤ በሚባል ረጅም ክር ላይ ነው። ክሩ የሚቀመጠው በህዋሱ አስኳል ውስጥ ነው። ደምን ቀይ የሚያደርጉት ህዋሳት ግን አስኳል የላቸውም። ገና ሲጎለምሱ አውጥተው ይጥሉታል። «ደሙ ነው» እያልን ዘር የምንቆጥርበት ቀይ ህዋስ፣ ዲኤንኤ ከሌላቸው ጥቂት የሰውነታችን ህዋሳት አንዱ ሆኖ አረፈው። ዕድሜውም 120 ቀን ያህል ነው። እሷ ስታረግዝ ከተሰጣት ደም አንድም ቀይ ህዋስ አልቀረም።

ነጭ የደም ህዋሳት አስኳል አላቸው። እነሱም ቢሆኑ እንቁላል ውስጥ ገብተው የሚጽፉት ነገር የለም። ለልጅ የሚደርሰው በእናት እንቁላልና በአባት የዘር ህዋስ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። (የዶሮ ቀይ የደም ህዋስ አስኳል አለው። «ደሟ ነው» የሚለው ለዶሮ ትንሽ ይቀርባል።)

አጥንት የሚቆጥሩት ሰዎች ደግሞ ሳያውቁት አንድ ነገር ነክተዋል። የደም ህዋሳት የሚወለዱት አጥንት ውስጥ፣ መቅኒው ላይ ነው። ዘሩ ግን እዚያ ብቻ አይደለም። ከዘር ህዋሳት በቀር አስኳል ያለው ህዋስ ሁሉ፣ የጉበቱም የቆዳውም፣ ሙሉውን ይዟል።

ወደ በጎቹ ልመለስ። የአዋሲ አውራና የመንዝ እናት የወለዱት ግልገል በእርግጥም ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለት ግማሾች ተገናኝተው ሲወልዱ ግን ነገሩ ይለያል። አንዱ ግልገል አዋሲውን አያቱን ይመስላል፣ ሌላው ቁርጥ የመንዝ በግ ይሆናል። ባለቤቱ «ደሙ ከዳ» ይላል። ደም ቢሆን ኖሮ እንደ ቡናና ወተት ተቀላቅሎ ሁሉም አንድ መልክ ይይዝ ነበር። ጂን፣ ማለትም ዲኤንኤው ላይ የተጻፈ አንድ የዘር መመሪያ፣ እንደዚያ አይቀላቀልም። እንደ ካርታ ነው የሚበወዘው። ካርታው አይደበዝዝም፤ ለማን ምን እንደሚደርሰው ነው የማይታወቀው።

«ህዋስ ሲከፈል ዘሩም ይካፈላል»

ይሄን ያመጣብን ቃሉ ነው። «የህዋስ ክፍፍል» እንላለን። ክፍፍል ሲባል እንጀራ ይታየናል፤ አንዱ ለአራት ሲቆረስ ለያንዳንዱ ሩብ ይደርሰዋል። አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሁልጊዜ ለሁለት እየተከፈለ ከሄደ እስካሁን እንዴት አላለቀም?» ብሎኛል። ልጁ ልክ ነው፤ ያሳሳተው ቃሉ ነው።

ህዋስ ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ይገለብጣል። የሰው ህዋስ 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም የተጠቀለለ የዲኤንኤ ክር፣ አለው። ሁሉም ይገለበጡና ሁለት ሁለት ቅጂ ይሆናሉ። ከዚያ መሃል ላይ ይሰለፋሉ። ቀጫጭን ክሮች አንዱን ቅጂ ወደ ወዲህ፣ አንዱን ወደ ወዲያ ይጎትታሉ። በመጨረሻ ህዋሱ ወገቡ ላይ ይቆረጣል። ሁለቱም ሙሉ 46 ይዘው ይሄዳሉ። ይሄ ነው ማይቶሲስ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያድግ የሰው ህዋስ ሙሉውን ዙር በ24 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ መሰለፉና መለያየቱ አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። የቀረው ማደግና መገልበጥ ነው። ሰርግ በሉት፤ የሚበላው በአንድ ቀን፣ የሚደገሰው ወር ሙሉ።

እኔ እንጀራውን ትቼ እርሾውን ነው ምሳሌ የማደርገው። እናቴ ከመጋገሯ በፊት ሊጡ ላይ ከጠለለው ቢጫ ውሃ ትንሽ ቀንሳ ለሚቀጥለው ታስቀምጣለች። ጎረቤት ከለመነቻትም ትሰጣለች። አይጎድልባትም። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ለሁለት እየተከፈሉ ይበዛሉ። የእርሾ ፈንገስ ህዋስ ደግሞ ጎኑ ላይ እንደ እንቡጥ ያለ ነገር ያበቅላል፤ ሙሉ ቅጂ ያስይዘውና ይለቀዋል። ብርድ ሲሆን ሁሉም ይንቀረፈፋል። እህቴ ሸዋ ሮቢት ነው ያገባችው። ከኛ ቤት እርሾ ወስዳ አቦካች። እዚህ ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ እዚያ በማግስቱ ኮምጥጦ ጠበቃት። እርሾው ተበላሽቶ አልነበረም። ቆላ ወርዶ መከፈል ፈጥኖ ነው።

ያለ እርሾ የተቦካ ሊጥ ራሱ ኩፍ የሚለው በዱቄቱና ባልታጠበው ቡሃቃ ላይ በነበሩት ነው። ህዋስ ከህዋስ እንጂ ከምንም አይወጣም። ይሄን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ያስፋፋው ሩዶልፍ ቪርኮ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው።

«በቅሎ የማትወልደው ተረግማ ነው»

«በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። በዘር ሂሳብ አልዋሸችም። እናቷ ፈረስ ናት፣ ፈረሱም የእናቷ ወንድም ነው። አህያውን አባቷን ነው የደበቀችው።

ቁጥሩ ይሄው። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፣ አህያ 62። ለዘር የሚዘጋጅ ህዋስ ከሌላው ይለያል፤ እሱ በእርግጥም ግማሹን ብቻ ይይዛል። ይሄኛው አከፋፈል ማዮሲስ ይባላል። ከእናት 32፣ ከአባት 31፤ በቅሎ 63 ትሆናለች። ለሰውነቷ ይሄ ምንም አይደለም። ማይቶሲስ ያለውን መገልበጥ እንጂ ማጣመር አይጠይቅም። ለዚህ ነው ጭነቷን ተሸክማ የአንኮበርን ቁልቁለት እንደ ፍየል የምትወርደው። እንቁላል ለመሥራት ግን ክሮሞዞሞቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው መገጣጠም አለባቸው። የፈረሱና የአህያው በደንብ አይገጥሙም፣ አንዱም ያለ ጥንድ ይቀራል። ሥራው መሃል ላይ ይቆማል። በቅሎ የወለደችበት ጊዜ በዓለም ላይ አለ፤ ግን ለወሬ የሚበቃው ብርቅ ስለሆነ ነው።

«ሴት ሴት የምትወልደው እሷ ናት»

እዚህ ላይ ጨዋታውን አቆማለሁ። በዚህ ምክንያት ትዳር ሲፈርስ አይቻለሁ።

ፆታን የሚወስነው የሴት ጥንድ ክሮሞዞም ኤክስ ኤክስ ነው። የወንድ ኤክስ ዋይ። እናት የምትሰጠው ሁልጊዜ ኤክስ ነው፤ ሌላ የላትም። አባት ኤክስ ከሰጠ ሴት፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ ይሆናል። ይሄን እ.ኤ.አ. በ1905 ያሳየችው ኔቲ ስቲቨንስ የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ ያየችውም ዱቄት በሚበላ ጥንዚዛ ላይ ነው። ስለዚህ ማጥፋት ካለ ወደ አባትየው ነው የሚሄደው። እሱም ቢሆን የሚመርጠው ነገር የለም። በየእርግዝናው ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው፤ ያለፈው የሚመጣውን አይነካም። አምስት ልጅ ካላቸው 32 ቤቶች በአማካይ አንዱ ሁሉም ሴት ይሆኑበታል።

አንድ ጋሼ ይሄን ነግሬያቸው «ታዲያ እናትየዋ ምንም አትወስንም?» አሉኝ። ዶሮ ብትሆን ትወስን ነበር አልኳቸው። ዶሮ ላይ ሁለት ዓይነት ክሮሞዞም ያላት ሴቷ ናት።

«ሰው ያደረገው ነገር ለልጁ ይተርፋል»

የእናት የአንገት ንቅሳት ለልጅ አይተላለፍም፤ ይሄን ማንም ያውቃል። ጆሮዋ ለምልክት የተቆረጠ በግም ሙሉ ጆሮ ያለው ግልገል ነው የምትወልደው። ሆኖም የአባት ጠባሳ ልጅ ላይ ወጣ የሚል ወሬ አያልቅም። ኦገስት ቫይስማን የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የአይጦችን ጭራ ትውልድ በትውልድ ቆረጠ። ያለ ጭራ የተወለደ አላገኘም።

ይልቅ የሚገርመው ንቅሳቱ ራሱ ነው። የላይኛው ቆዳችን በየጊዜው እየረገፈ በአዲስ ህዋስ ይተካል፤ ንቅሳቱ ግን ሃምሳ ዓመት ይቆያል። ቀለሙ ያለው ከሚረግፈው በታች ነው፤ እዚያ ያሉ የመከላከያ ህዋሳት ውጠው ይዘውታል።

«ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል»

ካንሰር ከውጭ የገባ ነገር አይደለም። የራሳችን ህዋስ ነው። ዲኤንኤ ሲገለበጥ፣ ወይም በጨረርና በሲጋራ ጭስ ሲጎዳ፣ ስህተት ይጠራቀማል። በመጨረሻ አንዱ ህዋስ «አሁን አቁም» የሚለውን ትእዛዝ መስማት ያቆማል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ፍሬን እንደበጠሰ መኪና ነው።

የቢላው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው እብጠቱን ደብቆ ይቆይና ሲብስበት ይሄዳል። ሲከፈት ቀድሞ ተሰራጭቶ ይገኛል። ይሞታል። ለቅሶ ላይ «ባይነኩት ይሻል ነበር» ይባላል። በዚያ ወሬ የፈራ ሌላ ሰው ደግሞ ይዘገያል። ለምርመራ ናሙና መወሰዱ ካንሰሩን የማሰራጨት ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው። ሳይታይ ሲቆይ ግን መከፈሉን ይቀጥላል።

«ትልቅ እንስሳ ትልቅ ህዋስ አለው»

የለውም። የበሬ የጉበት ህዋስና የአይጥ የጉበት ህዋስ መጠናቸው ይቀራረባል። በሬው ቁጥሩ ነው የበዛለት።

«ክሮሞዞም የበዛለት ይበልጣል»

ይሄን የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ናቸው። ባቄላ 12 አለው። ገብስ 14፣ ጤፍ 40። ሰው 46። እዚህ ጋ ክፍሉ ደስ ይለዋል። በግ 54 ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ከዚያ እዚሁ ገበያ በኩንታል የሚሸጠውን ድንች እነግራቸዋለሁ፤ 48። ሳይንቲስቶችም የሰውን 48 ነው እያሉ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በትክክል ቆጥረው 46 ያሉት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። እስከዚያ ድረስ ከድንች እኩል ነበርን።