የቱ የደህንነት ሪፖርት ይቅደም?

አንድ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት በትርፍ ሰዓቱ የሚንከባከብ ሰው ማታ ኮምፒውተሩን ሲከፍት «ሶፍትዌሩ ላይ አጥቂ የሚገባበት ክፍተት አለ» የሚሉ ሦስት የደህንነት ሪፖርቶች ይጠብቁታል እንበል። ያለው ጊዜ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የቱን ይያዝ? እዚህ ላይ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«ነጥቡ ከፍ ያለው ይቅደም»

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ሲቪኤስኤስ የሚባለው መለኪያ ለክፍተቶች ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ቁጥር ስለሆነ ክርክሩን የጨረሰ ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነውን፣ የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው የኦፕንኤስኤስኤል ክፍተት፣ ሃርትብሊድን፣ ተመልከቱ። ማንም ሰው ከሩቅ ሆኖ፣ ያለ ፓስወርድ፣ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት ከሰርቨሩ ሜሞሪ መቅዳት ይችል ነበር። ምስጢራዊ ቁልፍ ሳይቀር ይወጣል። ያኔ የተሰጠው ነጥብ ስንት ነው? 5። መካከለኛ ማለት ነው!

በ2023 ደግሞ ከርል በተባለው፣ ከኢንተርኔት ፋይል በሚያወርደው ፕሮግራም ላይ ለተገኘ አንድ ስህተት 9.8 ተሰጠው። ተጠቃሚው ራሱ፣ ፕሮግራሙ እንደገና ከመሞከሩ በፊት የሚቆይበትን ጊዜ ከመጠን በላይ ትልቅ ቁጥር አድርጎ ከሞላው ስሌቱ ይዛባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስህተቱም በ2019 ተስተካክሎ ያደረ ነገር ነበር። በኋላ ነጥቡ ወደ 3.3 ወረደ።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። አጥቂ ከውጭ ሆኖ ያን ኮድ ይደርስበታል? ሶፍትዌሩ ገና ሲጫን፣ ማንም ምንም ሳይቀይር፣ ክፍተቱ አለ? አጥቂዎች አሁን እየተጠቀሙበት ነው? የመጨረሻው መልስ «አዎ» ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቆይ።

«ሪፖርቱ ረጅም ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው»

ኤአይ አሥር ገጽ በደቂቃ በሚጽፍበት ዘመን? የተጎዳው ቨርዥን ተጠቅሶ፣ ችግሩን በእኔም ማሽን ላይ የሚደግም አጭር ኮድ ከተያያዘ አራት መስመር ይበቃኛል።

«‹ዘገየብኝ› የሚል ሪፖርት የደህንነት ጉዳይ አይደለም»

አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ግን በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስገባው ፕሮግራም) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነው። ሲቆፍር ኤክስዜድ በተባለ የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር (ድብቅ መግቢያ) አገኘ።

«ክፍተት ከተገኘ ወዲያው በአደባባይ ይነገር»

መጀመሪያ በግል ነው የሚነገረው፣ ፓች (ክፍተቱን የሚደፍን ማስተካከያ) እስኪዘጋጅ። ፓቹ ከወጣ በኋላ ግን ለሁሉም ለመንገር መዘግየት የለም፤ የተቀየረውን መስመር አይቶ ክፍተቱ የት እንደነበር ማወቅ ለአጥቂ ከባድ አይደለም።