ጥሩ ፕሮዳክት ማናጀር ምንድን ነው? የኤምፔሳ አጀማመር ምን ያሳየናል?

የሥራ ማስታወቂያ የሚከታተል ሰው ፕሮዳክት ማናጀር የሚለውን የሥራ መደብ ሳያየው አይቀርም። ባንኮች ይፈልጉታል፣ የፊንቴክ (የፋይናንስ ቴክኖሎጂ) ድርጅቶች ይፈልጉታል፣ ቴሌኮሞችም ይፈልጉታል። ከሥሩ የተደረደረው መስፈርት ግን ግራ ያጋባል። ኮድ መጻፍ የግድ አይደለም። ዲዛይን የሌላ ሰው ሥራ ነው። ሽያጭም የራሱ ክፍል አለው። ታዲያ ፕሮዳክት ማናጀር የሚባለው ሰው ጠዋት ቢሮ ገብቶ ምን ይሠራል?

በአጭሩ፣ ይመርጣል። የትኛው ችግር ይቅደም? ለማን ይሠራ? በስንት ዋጋ ይቅረብ? የትኛው ይቅር? የሚገነቡት ኢንጂነሮችና ዲዛይነሮች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እሱ አለቃቸው አይደለም። ማዘዝ ስለማይችል ማሳመን አለበት። ሥራው ሲሳካ ምስጋናው ለሁሉም ይዳረሳል። ሳይሳካ ሲቀር ግን «ይህን ማን ወሰነ?» ይባልና ጣት ወደ እሱ ይቀሰራል።

ሙያው ከሶፍትዌር በፊት የነበረ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1931 በአሜሪካው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ውስጥ ኒል ማኬልሮይ የሚባል ወጣት የካሜይ ሳሙናን ማስታወቂያ ይሠራ ነበር። ካሜይ የሚፎካከረው ከሌሎች ኩባንያዎች ሳሙና ጋር ብቻ አልነበረም። የዚያው የራሱ ኩባንያ ምርት የሆነው አይቮሪም ገበያውን ይጋፋው ነበር። ማኬልሮይ ለአለቆቹ የሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። እያንዳንዱ ምርት የራሱ ተቆርቋሪ ይኑረው አለ። ሽያጩ የት እንደወደቀ የሚያጠና፣ እዚያው ድረስ ሄዶ ነጋዴውን የሚያነጋግር፣ መፍትሔ የሚያቀርብ፣ ውጤቱንም የሚከታተል ሰው ማለቱ ነው። ሰውየው በኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት፣ በ1957 ደግሞ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሆነ። ሳሙና የት እንደሚያደርስ አይታወቅም።

ስለ ሙያው ከማውራት ይልቅ አንድ ሥራ ከሥሩ ማየት ይሻላል። እኔ የምመርጠው ኬንያ ውስጥ የተጀመረውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ኤምፔሳን ነው። ብዙ ሰው ኤምፔሳ ከመጀመሪያው ገንዘብ ለመላላክ ታስቦ የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። የታሰበው ለብድር ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በብሪታኒያው ቮዳፎን ውስጥ ይሠራ በነበረው በኒክ ሂውዝ ነው። የብሪታኒያ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ድጋፍ ሰጠ፣ ቮዳፎንም የበኩሉን ጨመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከማይክሮፋይናንስ የተበደረ ሰው ዕዳውን በስልኩ ይክፈል። ሙከራው በጥቅምት 2005 ኬንያ ውስጥ ተጀመረ። ሳፋሪኮም ኔትወርኩን ያዘ፣ ፋውሉ የተባለው አበዳሪ ተቋም ተበዳሪዎቹን አመጣ። ናይሮቢና ቲካ ላይ ጥቂት ወኪሎች ተመለመሉ፣ ከ500 ያነሱ ተበዳሪዎች ስልክ ተሰጣቸው። ሥራውን መሬት ላይ የመራችው ሱዚ ሎኒ ነበረች።

ከዚያ ሰዎቹ ያልተባሉትን ማድረግ ጀመሩ።

አንዱ የጓደኛውን ዕዳ በራሱ ስልክ ይከፍልለታል፣ ጓደኛው ደግሞ ውለታውን በሌላ ነገር ይመልሳል። ሌላዋ የሱቋን የቀን ገቢ ማታ ወኪሉ ጋ ታስገባና ጠዋት ታወጣዋለች፣ ምክንያቱም ባንኩ ቀድሟት ይዘጋል። ከናይሮቢ ወደ ቲካ የሚሄደው ገንዘቡን እዚህ አስገብቶ እዚያ ያወጣል፣ መንገድ ላይ ሌባ ቢያገኘው ኪሱ ባዶ ነው። ነጋዴዎች እርስ በርስ ክፍያ ይፈጽሙበታል። አንዳንዱ ደግሞ ገጠር ላሉ ዘመዶቹ በዚሁ ካርድ እየገዛ ይልካል።

ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት የሚያነብ ሰው ይህን ሁሉ «አላግባብ አጠቃቀም» ብሎ በዘጋው ነበር። ሰዎቹ እኮ የተሰጣቸውን ለተሰጣቸው ዓላማ እየተጠቀሙበት አይደለም! ለፕሮዳክት ማናጀር ግን ከዚህ የበለጠ ወሬ የለም። ማንም ሳይነግራቸው፣ ማንም ሳያስተዋውቅላቸው፣ ሰዎች ያላቸውን ችግር በእጃቸው በገባው ነገር እየፈቱ ነው።

በዚህ መሀል ዋናው ዕቅድ፣ ማለትም ብድሩ፣ እያነከሰ ነበር። የፋውሉ መዝገብና የስልኩ መዝገብ አይናበቡም፣ ማስታረቁ በእጅ ነበር። ሌላም ነገር አለ። የማይክሮፋይናንስ ተበዳሪዎች በቡድን ተሰባስበው ነው የሚዋዋሱት። ስብሰባው ራሱ ዋስትና ነው። ዕዳውን በስልክ የከፈለ ሰው ደግሞ ስብሰባ ለመምጣት ምን ያነሣሣዋል?

እንግዲህ ውሳኔው እዚህ ላይ ነው። ድጋፉ የተገኘው ለብድር ነው፣ አጋሩም አበዳሪ ነው፣ ሶፍትዌሩም ለዚያ ተጽፏል። ያም ሆኖ ብድሩ ተተወ። በመጋቢት 2007 ኤምፔሳ ለሕዝብ ሲቀርብ መሪ ቃሉ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል ነበር። ገንዘብ ማስገባትና ማውጣት፣ መላክ፣ ካርድ መሙላት፤ ዋናው ይኸው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ «ደንበኛህን ስማ» ይሉና ያልፋሉ። ለእኔ ግን ስልታዊ አስተሳሰብ የሚባለው ገና አሁን ነው የሚጀምረው። ምክንያቱም ፍላጎቱን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ያንን ፍላጎት ተከትለው የሚመጡ አሥር ውሳኔዎች እንዳይጋጩ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ዋጋውን ብቻ እንይ። መመዝገብ ነፃ ነበር፣ ማስገባትም ነፃ። ለተመዘገበ ሰው መላክ 30 ሽልንግ ያስከፍል ነበር። ላልተመዘገበ ሰውም መላክ ይቻል ነበር፣ ግን ትንሹ ክፍያ 75 ሽልንግ ነበር፣ የሚከፍለውም ላኪው ነበር። ያልተመዘገበው ተቀባይ የተላከለትን ቁጥር ይዞ ወኪል ጋ ሲሄድ ምንም አይጠየቅም ነበር። ሲያዩት ትንሽ ይገርማል፤ ደንበኛ ያልሆነው ሰው ለምን ይጠቀማል? ግን አስቡት። ናይሮቢ ያለው ልጅ በየወሩ ለእናቱ በላከ ቁጥር ትርፍ ገንዘብ እያወጣ ነው። ከጥቂት ወር በኋላ «እማ፣ እባክሽ ተመዝገቢ» የሚለው እሱ ራሱ ነው። እናትየዋ ደግሞ የመጀመሪያውን ገንዘብ ያለ ችግር ስለወሰደች አትፈራም። ኩባንያው የራሱን ደንበኛ ያለ ደመወዝ የሌሎች ደንበኞች መልማይ አደረገው ማለት ነው።

ወኪሉም ተረስቶ አልቀረም። ደንበኛው ሲያስገባ ሳፋሪኮም ምንም አያገኝም፣ ወኪሉ ግን ኮሚሽን ይከፈለዋል። ኩባንያው እዚህ ላይ ይከስራል፣ ሲላክና ሲወጣ ይመልሰዋል። ወኪሉ ባይከፈለው ኖሮ ገንዘብ ለማስገባት የመጣውን ሰው «ሲስተም የለም» ብሎ ይመልሰው ነበር። ይህችን ቃል ደግሞ ሁላችንም እናውቃታለን። አገልግሎቱ በሲም ካርዱ ላይ ስለነበር ተራ ስልክ ይበቃል። የደንበኞች ገንዘብ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ ባንክ ውስጥ በአደራ ሒሳብ ይቀመጣል። አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ይንገዳገዳሉ።

ስልት ከአገር አገር እንደማይቀዳ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ አሳየች። የቴሌኮም ኩባንያው ቮዳኮም ኔድባንክ ከተባለው ባንክ ጋር በ2010 ኤምፔሳን እዚያ ጀመረ። በሦስት ዓመት 10 ሚሊዮን ደንበኛ ለማግኘት አስቦ ነበር። በ2014 እንደገና አሻሽሎ ሞከረ። በሰኔ 2016 ሲዘጋው በሥራ ላይ የነበሩት ተጠቃሚዎች 76,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። ስሙ ያው፣ ሐሳቡም ያው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን ብዙ ሰው የባንክ ሒሳብ ነበረው፣ ኤቲኤም በየቦታው አለ፣ ሱፐርማርኬቶችም ገንዘብ ያስተላልፋሉ። ቮዳኮምም ሳፋሪኮም ኬንያ ውስጥ ገበያውን እንደያዘው አልያዘውም ነበር። የኬንያው ሰው ገንዘቡን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይልክ ነበር፤ የጆሃንስበርጉ ሰው ግን ያን ያህል አልተቸገረም።

እኛ አገር ስንመጣ ጨዋታው ሌላ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2021 ሲጀመር ኢትዮ ቴሌኮም ብቸኛው ኦፕሬተር ነበር። ላኪውም ተቀባዩም እዚያው ኔትወርክ ላይ ነበሩ። ስማርት ስልክ የሌለው ደግሞ በ*127# ይገባል። ኤምፔሳ ኢትዮጵያ በነሐሴ 2023 ሲደርስ ቴሌብር ከ30 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ነበረው። እዚህ ላይ የኤምፔሳ ሰዎች የናይሮቢን ደብተር አውጥተው ቢያነቡ ብዙም አይረዳቸውም። ጥያቄያቸው «ገንዘብ እንዴት ይላክ?» መሆኑ ቀርቶ «ሌላ ዋሌት (የስልክ የገንዘብ ቦርሳ) ያለው ሰው እኛ ጋ ለምን ይመጣል?» ሆኗል።

ከቅርባችን ሌላ ምሳሌ ልጥቀስ። የሳምራዊት ፍቅሩ ራይድ የታክሲ መተግበሪያ ነው ይባላል፤ ግን ሰው በ8294 ደውሎም መኪና ያዛል። ለቴክኖሎጂ ሰው መተግበሪያ ሠርቶ የጥሪ ማዕከል መክፈት ወደ ኋላ መመለስ ሊመስለው ይችላል። ዳታ ለሌላቸው ወይም ስማርት ስልክ ላልያዙት ግን ፕሮዳክቱ ስልክ የምታነሣው ልጅ ናት።

ታዲያ ይህ ችሎታ እንዴት ይገኛል? ሰርተፊኬቱ አይጎዳም፣ ቃላቱን ያስተምራል። የትኛው ሥራ ይቅደም የሚለውን ለመወሰን የሚያስተምሯቸው ቀመሮችም ስብሰባ ላይ ይጠቅማሉ። ከዚያ ያለፈው በልምምድ ነው።

በእኛ ዘንድ ከሁሉም የሚከብደው ሰው መጠየቅ ይመስለኛል። ይሉኝታ አለ። «ይህን ብንሠራው ትጠቀምበታለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ሐበሻ ፊት ለፊት «አልጠቀምበትም» አይላችሁም። «አሪፍ ነው፣ በርቱ» ብሎ ሻይ ይጋብዛችኋል። እናንተም ደስ ብሏችሁ ትመለሳላችሁ፣ ስድስት ወር ትሠራላችሁ፣ ማንም አይመጣም። ስለዚህ ስለ ነገ አትጠይቁ። ስለ ትናንት ጠይቁ። «መጨረሻ ገንዘብ የላክኸው ለማን ነው? እንዴት ላክኸው? ምን አስቸገረህ? ያን ጊዜ ምን አደረግህ?» ያለፈ ነገር ሲናገር ይሉኝታ ብዙ አያስዋሸውም። ከመጠየቅም ማየት ይበልጣል። አንድ ከሰዓት ወኪል ሱቅ አጠገብ ቁጭ ያለ ሰው፣ ስንቱ ስልኩን ለወኪሉ ሰጥቶ «አንተ ላክልኝ» እንደሚል ያያል። ይህ ቁጥሮችን በሚያሳየው ዳሽቦርድ ላይ አይታይም።

ሁለተኛው እምቢ ማለት ነው። አለቃው ዱባይ ሄዶ አንድ ነገር አይቶ ይመጣል፣ «ይህ እኛም ጋ ይግባ» ይላል። ሽያጭ ክፍሉ ለአንድ ትልቅ ደንበኛ ቃል ገብቷል። ሁሉንም እሺ ያለ ማናጀር መጨረሻው ከሁለት ያጣ ጎመን ነው። በደፈናው እምቢ ማለትም አያስኬድም፤ በተለይ ለታላቅ ሰው። የሚሠራው ዘዴ አንድ ገጽ መጻፍ ነው። ይህን ከሠራን የሚዘገየው ያ ነው፣ ያ ከዘገየ የምናጣው ይህን ነው፣ እኔ የምመርጠው ይህኛውን ነው፣ ምክንያቴም ይኸው። ወረቀቱ ላይ ሲሆን አለቃውም ክብሩ ሳይነካ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። ካልቀየረም የተከፈለው ዋጋ ተጽፎ ይቀራል።

ቁጥርም አለ። እዚህ ላይ ብዙ አላወራም፤ አንድ ነገር ብቻ። ስንት ሰው ተመዘገበ የሚለው ቁጥር ለጋዜጣዊ መግለጫ ነው። ባለፈው ወር መጥቶ በዚህ ወርም የተመለሰው ስንት ነው የሚለው ለእናንተ ነው። የማስታወቂያ ሽልማት ሲቆም የመጀመሪያው ቁጥር ዝም ይላል፣ ሁለተኛው ግን እውነቱን ያወጣል።

ከዚህ በተረፈ ግምታችሁን መጻፍ ልመዱ። አንድ ኩባንያ ዋጋ ሲቀይር ወይም አዲስ አገልግሎት ሲያወጣ፣ ለምን እንዳደረገውና በሦስት ወር ውስጥ ምን ይሆናል ብላችሁ እንደምትጠብቁ በሁለት መስመር ጻፉ። ቀን አስቀምጡበት። ቀኑ ሲደርስ ተመልሳችሁ እዩት። ሥራው ላይ ያልገባ ሰውም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ፈቃድም ገንዘብም አይጠይቅም።

ዛሬ መጀመር የሚፈልግ ካለ የምትጠቀሙበትን የባንክ መተግበሪያ ክፈቱ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉና አራት ብቻ አስቀሩ። ከሰረዛችሁት ከእያንዳንዱ አጠገብ በዚህ ምክንያት የሚቆጣው ማን እንደሆነ አስፍሩ፤ ደንበኛ ይሁን፣ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ይሁን፣ ወይም ያንን አገልግሎት ያመጣው የመምሪያ ኃላፊ። ከዚያ መተግበሪያውን የሚጠቀሙ ሦስት ሰዎች መጨረሻ የከፈቱት ለምን እንደነበር ጠይቁና ዝርዝራችሁን አስተካክሉ።