አንድ ፀሐይ፣ ሁለት ወቅት፦ ስለ ሰሜንና ደቡብ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

በሐምሌ ወር ጆሃንስበርግ ያለ ዘመድ ሲደውል «ብርዱ ሊገለን ነው» ይላል። ዋሽንግተን ያለችው እህቱ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሙቀቱን አልቻልኩትም ትላለች። ፀሐይዋ አንድ ናት። ልዩነቱ ከየት መጣ ሲባል ደጋግሜ የምሰማቸው መልሶች ግን ብዙዎቹ ስህተት ናቸው።

«ሙቀት የሚመጣው ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ ነው»

ብዙ ሰው የሚያምነው ይህንን ነው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ግን በታኅሣሥ መጨረሻ፣ አውሮፓ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ነው። ያኔ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰኔ መጨረሻ ወደ 152 ሚሊዮን ይሰፋል። ጉዳዩ የቅርበት ቢሆን ኖሮ ዓለም ሁሉ አንድ ላይ ይሞቀው፣ አንድ ላይ ይበርደው ነበር።

«ምድር አንዴ ወደ ፀሐይ፣ አንዴ ወደ ኋላ ታጋድላለች»

ምድር 23.4 ዲግሪ ያህል ያጋደለች ናት፤ የምታጋድለው ግን ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የሚለወጠው በፀሐይ ዙሪያ የምትገኝበት ቦታ ነው። በሰኔ ሰሜኑ ክፍል ወደ ፀሐይ ይዞራል፤ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ያርፍበታል፣ ቀኑም ይረዝማል። ከስድስት ወር በኋላ ተራው የደቡቡ ነው።

«ደቡቦቹ በሙቀት ወራቸው ለፀሐይ ስለሚቀርቡ ይብስባቸዋል»

አያያዙ ያሳምናል። ነገር ግን ደቡቡ አብዛኛው ውቅያኖስ ነው፣ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይሞቅም።

«ክረምታችን በሰኔ ስለሚገባ እኛም ከደቡቦቹ ወገን ነን»

እዚህ ላይ ያሳሳተን ቃሉ ነው። የፈረንጆቹን «ዊንተር» ክረምት ብለን ተረጎምነው። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሐምሌ የሚበርደን ደመናውና ዝናቡ ፀሐይዋን ስለሚከለክሉን እንጂ፣ እሷማ ከአናታችን ብዙም አልራቀችም። ዝናቡም ቢሆን ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታቀና እሷን ተከትሎ የሚመጣ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። በሰኔ አጋማሽ፣ ደመናው ገለጥ ባለበት ቀን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥላውን ለኩት። ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው፣ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በታኅሣሥ አጋማሽ በዚያው ሰዓት ስትመለሱ ወደ ሰሜን ዞሮ 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ረዝሞ ታገኙታላችሁ።